የምታዜሙትን ጻፉት

(ለጎልማሶች ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተገለበጠ። ቀስ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ቢኖር ትርጉሙን በመጨረሻው ገጽ ፈልጉ።)

ከሀ ሁ ጀምራችሁ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በራሳችሁ ዓይን ለማንበብ የበቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘፈን ነው። «ዘፈን ደግሞ ምን ትምህርት ይሆናል? ዘፈን ለሠርግ፣ ትምህርት ለትምህርት ቤት» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አትቸኩሉ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ካለፈው እሑድ ወዲህ ስንት ጊዜ አንጎራጎራችሁ? እስቲ ቁጠሩ። በሥራ ላይ? በመንገድ ላይ? ልጅ ስታስተኙ? ከብት ስትነዱ? ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። እንግዲያው ሰው ሳያስበው እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ነገር ቢመረመር ምን ይጎዳል?

ከማለዳ እስከ ማታ

ከማለዳ እንጀምር። በጎረቤት ቤት ቡና ይወቀጣል። ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። ምቱ እኩል ነው። አንዱ ከሌላው አይረዝምም፤ አያጥርምም። ወቃጯ ሳትማረው ምት ጠባቂ ሆናለች ማለት ነው።

ሁለት ሴቶች በአንድ ትልቅ ሙቀጫ ገብስ ሲወቅጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንደኛዋ ስታነሣ ሁለተኛዋ ታወርዳለች። ምቱ ከተዛባ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፤ እጅም ይጎዳል። ስለዚህ ያንጎራጉራሉ። ዜማው እዚህ ላይ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አራቱን እጆች የሚያስማማ ገመድ ነው።

ወተት ወደሚናጥበት ቤት ደግሞ እንግባ። ቅሉ ወዲያና ወዲህ ሲወዘወዝ ወተቱ ያንቦጫርቃል። ቅቤው መውጣት ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል። ባለሙያዋ እናት ክዳኑን ሳትከፍት፣ በጆሮዋ ብቻ «ወጥቷል» ትላለች። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። መናጥ ረጅም ሥራ ነው፤ ክንድ ይዝላል። በዜማ ሲሆን ግን ክንዱ ራሱ ምቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ድካሙም ይረሳል።

ወደ እርሻው እንውጣ። በጊንጪና በአምቦ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ሲደርስ አጨዳው ለአንድ ሰው አይቻልም። ጎረቤት ይጠራል። ደግሶ ሰው የሚጠራ ደቦ ይላል፤ በኦሮምኛም ደቦ ነው። «ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ» ብለው ተራ በተራ ሲሠሩ ደግሞ ወንፈል ይሉታል፤ በኦሮምኛ ዳዶ ይባላል። በደቦው መካከል አንድ ድምፀ መልካም ሰው ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ አውጪው የሚቀጥለውን ግጥም ያስባል። ማጭዱም በአንድ ላይ ይወርዳል። ሰነፉ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ጉልበተኛውም ብቻውን ሮጦ እንዳይደክም ዜማው ሁሉንም በአንድ መስመር ይይዛቸዋል። ይህን ሥርዓት ያለ ሰዓት፣ ያለ ፊሽካ፣ ያለ አለቃ የሚያስከብረው ዘፈኑ ነው።

በአውድማው ላይ በሬዎቹ እህሉን እየረገጡ ሲዞሩ ይዘፈንላቸዋል። እረኛም ለከብቶቹ ያዜማል። በኦሮምኛ የከብት ውዳሴ ፋሩ ሎኒ ይባላል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ከብቶቹ በመልካቸውና በቀንዳቸው እየተጠሩ ይሞገሳሉ። ዳለቻው፣ ጉራቻው፣ ቡሬው ይባላል። ጽሕፈት ባልነበረበት ቤት የከብቱ መዝገብ ይህ ዘፈን ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቀኑ መሽቶ ሕፃኑ ሲያለቅስ እናት «እሹሩሩ» ትላለች። በኦሮምኛ የምታባብለዋ እናት ደግሞ «ኡሹሩሩ» ትላለች። ሁለቱ ቃላት መንትዮች ይመስላሉ፤ አይደል? እንቅልፉ የመጣ ሕፃን በየትኛው ቋንቋ እንደ ተባበለ አይጠይቅም።

የበዓሉንም አንርሳ። በሠርግ ላይ የሙሽራው ወገንና የሙሽራዪቱ ወገን በዘፈን ይሰዳደባሉ። በሌላ ቀን ቢባል ጠብ የሚያስነሣ ቃል በሠርግ ዘፈን ሲባል ያስቃል። ዜማው ለቃሉ ፈቃድ ሰጥቶታል። ጎልማሳው ጌራርሳ ሲያሰማ ደግሞ የሠራውን ጀግንነት፣ ያየውን መከራ፣ የዘመዱንም ማንነት ይናገራል። ድህነቱንም ይናገራል። ተቀምጦ ቢያወራው የሚያፍርበትን ነገር ቆሞ በዜማ ሲለው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል።

በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል አለ። በሙስሊሞች ዘንድ መንዙማ አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ አውቶቡሱ ራሱ ዘፋኝ ነው። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከከፈተ መንገዱ ያጥራል።

በአምቦ ውሃ ጠርሙስ የሚደረግ ሙከራ

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልውሰዳችሁ። ድምፅ ራሱ ምንድን ነው? ክራር ለምን ይጮኻል? ዋሽንትስ?

መልሱ አጭር ነው። ድምፅ ንዝረት ነው። አንድ ነገር ሲመታ ወይም ሲነፋ ይንቀጠቀጣል። እሱም አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። የተንቀጠቀጠው አየር እየገፋ ጆሯችን ይደርሳል። የተመታ ከበሮ ቆዳ ላይ ጤፍ ብትበትኑ ፍሬው ሲዘል ታዩታላችሁ። ያ ነው ንዝረት ማለት።

ድምፅ ለመጓዝ ጊዜ ይወስዳል። በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስታዩ መጥረቢያው አስቀድሞ ሲወርድ ይታያል፤ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ሰውዬው 340 ሜትር ርቆ ቢሆን ድምፁ አንድ ሴኮንድ ይዘገያል ማለት ነው። ገደል ማሚቶም እንዲሁ ነው። ገደሉ የሚመልስላችሁ የራሳችሁን ድምፅ ነው፤ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ ነው የሚዘገየው።

አሁን ሦስት ባዶ የመስታወት ጠርሙሶች ፈልጉ። በአምቦ አካባቢ ይህ አይቸግርም። የአምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ የኖረ ውሃ ነውና ጠርሙሱ በየቤቱ ይገኛል። አንደኛውን ባዶውን ተዉት። ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት። ሦስተኛውን እስከ አንገቱ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ሙሉት።

አሁን የጠርሙሱን አፍ ከከንፈራችሁ በታች አድርጋችሁ ተሻግሮ እንዲያልፍ ንፉ። ባዶው «ቡዉ» ብሎ በወፍራም ድምፅ ይጮኻል። ግማሹ ቀጠን ይላል። ሊሞላ የቀረበው ከሁሉም ይቀጥናል።

ቀጥሎ ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁሙና በማንኪያ መታ መታ አድርጓቸው። ምን ሰማችሁ? ነገሩ ተገልብጧል! ባዶው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የተሞላው ወፍራም። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ አሳዩአቸው። መጀመሪያ ግን «የትኛው ይወፍራል?» ብላችሁ አስገምቷቸው። ብዙዎቹ ይሳሳታሉ፤ ይስቃሉም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስትነፉ የሚንቀጠቀጠው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ውሃው ሲጨምር የአየሩ ቦታ ያጥራል። አጭር አየር ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ነገር ድምፁ ቀጭን ነው። በማንኪያ ስትመቱ ግን የሚንቀጠቀጠው መስታወቱ ነው። ውሃ የያዘ መስታወት ሸክም ተጭኖበታል። የተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሁሉ እሱም ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ይወፍራል።

ይህን ካወቃችሁ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሁሉ ምሥጢር ይዛችኋል። ዋሽንት ላይ ጣት ሲነሣ ቀዳዳው ይከፈታል፤ የአየሩም መንገድ ያጥራል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው። አውታሩም ሆነ የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ ነው፤ ፈረስ በሚወደድበት በምዕራብ ሸዋ ይህ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ታዲያ በአንድ አውታር ያ ሁሉ ዜማ ከየት ይወጣል? ተጫዋቹ በጣቱ አውታሩን እየነካ ያሳጥረዋል፤ ያረዝመዋል። ባጠረ ቁጥር ይቀጥናል፤ በረዘመ ቁጥር ይወፍራል። ክራር ብዙ ጊዜ ስድስት፣ በገና ደግሞ አሥር አውታሮች አሏቸው። እነዚህ እያንዳንዱ አውታር በየራሱ የተወጠረ ስለሆነ ተጫዋቹ አይሮጥም፤ ይመርጣል።

የሰውም ጉሮሮ ከዚህ አይለይም። በጉሯችን ውስጥ የሚንቀጠቀጡ የድምፅ አውታሮች አሉ። የሕፃናት አጭር ስለሆኑ ድምፃቸው ቀጭን ነው። ወንድ ልጅ ጎልማሳ ሲሆን አውታሮቹ ይረዝማሉ፤ ድምፁም ይጎረናል። እያንዳንዳችሁ የሙዚቃ መሣሪያ በአንገታችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ ማለት ነው። ያውም ያልተገዛ።

አራቱንም የታወቁ ቅኝቶች ስማቸውን እንያዝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ቅኝት ማለት የድምፆቹ አቀማመጥ ነው። በእያንዳንዱ ቅኝት ውስጥ አምስት ድምፆች አሉ፤ ስድስተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ይሆናል፤ ግን ቀጥኖ። በአምስት ጣት ስንት ዓይነት ሥራ ይሠራል? በአምስት ድምፅም እንዲሁ።

በአፍ ያለና በሸክላ ያለ

ድምፅ አንዴ ከአፍ ከወጣ ይጠፋል። የጥንት ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ያዩትን ቢስሉት ይቆያል፤ የሰሙትን ግን ማን ይይዘዋል? በኋላ መያዣው ተገኘ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ነበር። ኢትዮጵያዊ ዘፈን በሸክላ ላይ ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የካሴት ክር ወጣ። በቀጭን ክር ላይ የተቀባ የብረት ዱቄት ድምፁን በማግኔት ኃይል ይይዛል። ዛሬ ካሴቱም ቀርቶ ዘፈን በስልክ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። በአምቦ ገበያ የተቀመጠ ሰው የሐረርን፣ የጎጃምን፣ የወለጋን ዘፈን ይሰማል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በስልካችሁ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው የዘፈነው ነው። እናታችሁ ወተት ስትንጥ የምትለው ዘፈን በስልኩ ውስጥ አለ? አባታችሁ በጌራርሳው የጠራቸው ወንዞች፣ ተራራዎች፣ የሞቱ ጓደኞች ስም አለ? ለቡሬው በሬ የተባለው ውዳሴ አለ? የለም። እሱ ያለው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ያ ሰው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።

በአውድማው የሚያበራይ መኪና ከገባ ለበሬ የሚዘፈነው ዘፈን ይቀራል። ወፍጮ ሲመጣ የሙቀጫው ዘፈን ይቀራል። መኪናው መምጣቱ ያስደስታል እንጂ አያስከፋም፤ የወቃጮቹን ክንድ አሳርፏል። ግን ሥራው ሲቀር ዘፈኑም አብሮ እንዲቀር የሚያስገድድ ነገር የለም። ከሥራው ተለይቶ ሊኖር የሚችልበት አንድ ቦታ አለ። እሱም ወረቀት ነው።

የጻፉት ሰዎች

ይህን አስቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። የአንዲቱን ታሪክ ላጫውታችሁ። አስቴር ጋኖ ይባላሉ። በነጻነት ተወልደው ሳለ በልጅነታቸው ለባርነት ተዳረጉ። ባሕር ተሻግረው ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን አስቁመው ነጻ አወጧቸው። ከዚያም በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በምፅዋ አቅራቢያ በምትገኘው እምኩሉ፣ የስዊድን ሚሲዮን በከፈተው ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ፊደል ቆጠሩ።

በዚያው ቦታ አናሲሞስ ነሲብ የተባሉ ሰው መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። እሳቸውም ገና ሕፃን ሳሉ ከወገናቸው ተነጥቀው የተሸጡ ነበሩና የቋንቋው ብልሃት የገባው ረዳት ያስፈልጋቸው ነበር። አስቴር ጋኖ ቋንቋውን ከነለዛው ያውቁታል። ለመዝገበ ቃላት የሚሆን ብዙ ሺህ ቃል አሰባሰቡ። ከዚያም በልጅነታቸው የሰሙትን እያስታወሱ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን ጻፉት። የሰበሰቡት 500 ያህል ደረሰ።

አስቡት እስቲ። እናታቸው አጠገባቸው የለችም። አገራቸው በጣም ሩቅ ነው። ንብረት የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። ያልተወሰደባቸው በጆሯቸው ገብቶ በልባቸው የተቀመጠው ብቻ ነበር። እሱን አውጥተው በወረቀት ላይ አኖሩት። ከጻፉትም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በመጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው፤ እናንተ አሁን በምታነቡበት ፊደል ማለት ነው። የታሰበውስ ለማን ይመስላችኋል? እንደ እናንተ ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች ነበር። በኋላም አስቴር ጋኖ ወደ ወለጋ ተመልሰው ሰው ሲያስተምሩ ኖሩ።

ከራሳችን ቀዬም ምሳሌ አለ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ተወለዱ። በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል አደጉ። የሁለቱም ቋንቋ ዜማ በጆሯቸው ነበረ። የአፍሪካ ኅብረት የሚዘምረው መዝሙር ቃሉ ከእሳቸው ግጥም የተገኘ ነው። ከቦዳ የተነሣ ቃል ዛሬ የብዙ አገር መሪዎች ቆመው ያዳምጡታል።

ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከብት ይጠብቅ ነበር፤ በትምህርት ቤት ክበብም ይዘፍን ነበር። ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወህኒ ቤት ቆየ። ከመጀመሪያው አልበሙ ዘፈኖች አብዛኛዎቹን የደረሰው እዚያው በእስር ሳለ ነው። ሰኚ ሞቲ የተባለው ያ አልበም እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ የተቀበረውም በአምቦ ነው። ሰውየው ሄደ፤ ዘፈኑ ግን ተቀርጿልና እነሆ ይሰማል። ያልተቀረጸ፣ ያልተጻፈ ዘፈን ያለው ሰው ሲሄድ ግን ምን ይቀራል? ጥያቄው ይህ ነው።

እንዴት እንጻፍ?

«እኔ እኮ ገና ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም። ዘፈን ለጀማሪ ጸሐፊ ይመቻል። ስንኙ አጭር ነው። ቃሉ ይደጋገማል። ደግሞም ቀድሞ በቃላችሁ የምታውቁት ስለሆነ ፊደሉ ብቻ ነው የሚያስቸግራችሁ። እንዲህ አድርጉ፤

አንደኛ፤ ከራሳችሁ ጀምሩ። ከምታውቋቸው አንዱን አጭር ዘፈን ምረጡ። በመጀመሪያ አንጎራጉሩት። ከዚያ አንድ ስንኝ በአንድ መስመር ጻፉ። በሚቀጥለው ስንኝ ወደ ታች ውረዱ።

ሁለተኛ፤ በተዘፈነበት ቋንቋ ጻፉት። የኦሮምኛውን ዘፈን ወደ አማርኛ አትለውጡት፤ ቤት የሚመታው በራሱ ቋንቋ ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ይጻፋል። ቁቤ የተማራችሁ በቁቤ ጻፉ። ግዕዝ ፊደል ብቻ የምታውቁ በሱ ጻፉ። አስቴር ጋኖም በሱ ነው የጻፉት።

ሦስተኛ፤ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። ታዲያ ዝም ብላችሁ ደብተር ይዛችሁ ፊታቸው ድቅን አትበሉ፤ ይከብዳቸዋል። ቡና ይፈላ። ጨዋታ ይምጣ። ከዚያ «እማማ፣ ያቺን ሲንጡ የሚሏትን እስቲ ይበሉልኝ» በሏቸው። «ውይ፣ ረሳሁት እኮ ልጄ» ቢሉ አትመኗቸው። ቅሉን ያዙና ወዝወዝ አድርጉት። እጅ ሲንቀሳቀስ አፍ ያስታውሳል። የሥራ ዘፈን የሚታወሰው በሥራው ነውና።

አራተኛ፤ ያልገባችሁ ቃል ቢኖር አታስተካክሉት። እንደ ሰማችሁት ጻፉት፤ ከጎኑም «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። አንዳንዴ ያ ያልገባችሁ ቃል የጠፋ መንደር ወይም የአንድ ሰው ስም ሆኖ ይገኛል።

አምስተኛ፤ ከግጥሙ በታች ማን እንዳለው፣ የት እንደ ተባለ፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚዘፈን፣ የጻፋችሁበትንም ቀን አስፍሩ። ይህ ከሌለ የልጅ ልጃችሁ ዘፈኑን ቢያገኘው እንኳ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ስድስተኛ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። በጌራርሳ ወይም በሠርግ ስድብ ውስጥ የጎረቤት ስም ሊነሣ ይችላል። በሠርጉ ቀን ያሳቀ ቃል በወረቀት ላይ ሲነበብ ሊያስቀይም ይችላል። «ይህንንስ ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተዉት ከተባላችሁ ተዉት።

ዜማውስ? ዜማውን ፊደል አይዘውም፤ እውነት ነው። ልጆቻችሁ ስልክ ካላቸው ይቅረጹት፤ እናንተ ቃሉን ጻፉ። ድምፁ ከስልኩ፣ ቃሉ ከደብተሩ ይገኛል። ስልኩ ቢጠፋ ደብተሩ አለ፤ ደብተሩ ቢጠፋ ስልኩ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን መዝፈኑን አትተዉ። ደብተሩ የሚጠቅመው ተመልሶ ሲዘፈን ነው። የጻፋችሁትን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ከዚያም አንጎራጉሩላቸው። እናት ለልጇ ከራሷ እጅ ጽሑፍ ላይ የአያቱን ዘፈን ስታነብለት ልጁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል። አያቱ ምን ያውቁ እንደነበር ያያል፤ እናቱም ማንበብ እንደምትችል ያያል። ይህ ሁለተኛው ለልጁ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዛሬው ንግግራችን በዚህ አበቃ። ለሳምንቱ አንድ ዘፈን ጻፉ፤ አንድ ብቻ። ጠርሙሱንም መሞከር አትርሱ። ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቤት በሥራ ላይ የሚዘፈን ምን ዘፈን አለ? ማን ያውቀዋል?

2. የጠርሙሱን ሙከራ አድርጉ። ሲነፋ የቀጠነው ጠርሙስ በማንኪያ ሲመታ ለምን ወፈረ?

3. ማሲንቆ በአንድ አውታር ብዙ ድምፅ የሚያወጣው እንዴት ነው?

4. አስቴር ጋኖ ከተወሰደባቸው ሁሉ ያልተወሰደባቸው ምን ነበር?

5. በአካባቢያችሁ ሥራው ቀርቶ ዘፈኑ ብቻ የቀረ ነገር አለ? ሁለቱም የጠፋስ?

የቃላት ትርጉም

ንዝረት፤ ቶሎ ቶሎ መንቀጥቀጥ።

አውታር፤ በክራር፣ በበገናና በማሲንቆ ላይ የሚወጠር ክር ወይም ጅማት።

ደጋን፤ የማሲንቆ መምቻ፤ ጎበጥ ያለ እንጨት ክር የተወጠረበት።

ቅኝት፤ የዜማ ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት።

ጌራርሳ፤ ጎልማሳ ሰው ገድሉንና ኑሮውን የሚናገርበት የኦሮምኛ ዜማ።

ሸክላ፤ እዚህ ላይ ዘፈን የሚቀረጽበት ክብ ሳሕን።

እ.ኤ.አ.፤ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው። ከእኛ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይበልጣል።